ሶሻል ወርከሯን አናግሩ ስትባሉ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። አባቴ 56 ዓመቱ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ድርጅት ውስጥ በጥበቃ ተቀጥሮ ይሠራል። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ግራ እጁና እግሩ አልታዘዝ ብሎት ወደቀ። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ስትሮክ ነው አሉን። አሁን ይናገራል፣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ለሲቲ ስካኑና ለመድኃኒቱ ዘመድና ጎረቤት አዋጥቶልን ነበር፤ እሱም እያለቀ ነው። የጤና መድን የለንም። ነርሷ «ሶሻል ወርከሯን አናግሩ» አለችን። እናቴ ግን «የድሃ ስም ይወጣብናል» ብላ አሻፈረኝ አለች። አጎቴ ደግሞ ከደንቢያ የራሱን የጤና መድን ደብተር ይዞ መጥቶ «በእኔ ስም ይታከም» ይላል። በዚህ ላይ ድርጅቱ «መልቀቂያ ፈርሚለትና ሒሳቡን እንዝጋ» እያለ ይደውልልኛል። ሶሻል ወርከር ሥራው ምንድን ነው? ገንዘብ ይሰጣል? ምን ላድርግ?

ምላሽ

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። አስታማሚ ጊዜ የለውምና ዋና ዋናውን ላስቀድም። ሶሻል ወርከር ገንዘብ አይሰጥም። የአጎትሽን ደብተር አትንኩት። ለድርጅቱ ምንም ወረቀት አትፈርሚ። እናትሽ እሺ ባይሉም ነገ ጠዋት ሄደሽ ሶሻል ወርከሯን አናግሪ። ምክንያቱን ሲመችሽ አባትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ረዘም ይላል።

እኔ ራሴ ሆስፒታል ውስጥ በዚሁ ሙያ የምሠራ ነኝ። ሥራችንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አይፈረድበትም። አንዱ ሐኪም ነው የሚመስለው፣ ሌላው የቀበሌ ሰው፣ ሌላው የእርዳታ ድርጅት። ሙያው ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በሙያው ያስመርቃል። በመሃል ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ሶሻል ወርከር የሚባል ሰው ሳያይ ታክሞ ወጥቷል። እናትሽ ቢጠራጠሩ አይገርመኝም።

ሐኪሙ የአባትሽን ደም ግፊትና ሲቲ ስካን ሲያይ እኛ ስለ ቤቱ እንጠይቃለን። ቤቱን የሚያስተዳድረው ማን ነበር? ደመወዙ ቆሟል ወይ? መድኃኒቱን ነገ ማን ይገዛል? ሲወጡ ማን ያነሳቸዋል? ሕግ የሰጣቸው፣ ግን ማንም ያልነገራቸው መብት አለ ወይ? የዚህን መልስ ይዘን ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል፣ ወደ ቀበሌው፣ ወደ አሠሪው እንሄዳለን። አንዳንዴ በእግራችን፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልክና በደብዳቤ።

ስለ እናትሽ ልናገር፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነውና። «የድሃ ስም ይወጣብናል» ያሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጎንደር ላይ ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት እናት ወንበር ሰጥቼ «ኑሮ እንዴት ነው?» ስላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ይላሉ። «ተመስገን፣ ምን ይጎድልብናል።» «ምሳ በልተዋል?» «ኧረ በልቻለሁ።» «ማታ የት ያድራሉ?» «ዘመድ አለን።» ያሉትን እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ትጠራኛለች፤ የታዘዘው መርፌ ከትናንት ጀምሮ አልተገዛም። የመድኃኒት ማዘዣው እናትየው መቀነት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዘመድ ቤት የተባለውም የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ሥር ነው።

ይሉኝታን ልነቅፍ አይደለም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን ያስከፍላል። በሬ ተሸጦ፣ የአንገት ወርቅ ተሸጦ፣ በአራጣ ተበድረው፣ ታማሚው ሊወጣ ሲል ይመጡብናል። ያን ጊዜ የምችለው ትንሽ ነው። የተከፈለ ሒሳብ አይመለስም። የተሸጠ በሬም አይመለስም። አባትሽ በተኙበት ቀን ብትመጪ ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይም ግን አልረፈደም።

ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። የሚነገረው ነገር በር ተዘግቶ ነው የሚነገረው። እኛ የምንጽፈው ወረቀት የሚሄደው ለሆስፒታሉና እናንተ ፈቅዳችሁ ለምትልኩት መሥሪያ ቤት ነው። ዕድር ላይ አይነበብም፣ ሰፈር አይሰማውም። በዚያ ላይ ከምንጠይቅላችሁ ነገር ግማሹ ልመና አይደለም። የአባትሽ ጡረታ ከገዛ ደመወዛቸው በየወሩ ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ ነው።

የምትጠየቂውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ የግል ነው ወይስ ኪራይ? ስንት ሰው ይኖርበታል? ከአባትሽ ሌላ ገቢ ያለው ማን ነው? ዕዳ አለ ወይ፣ ለማን? ዕድር አላችሁ? ትምህርት ላይ ያለ ልጅ አለ? ውጭ አገር ያለ ዘመድስ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ሰው ታስቆጣለች። «ምን አገባችሁ» የሚለን አለ። እኛ ግን የምንጠይቀው ለሐሜት አይደለም። እህትሽ አረብ አገር ሆና ገንዘብ ትልክ እንደሆነ ቀበሌው ቀድሞን ያውቀዋል። ትልክ ነበር፣ አሁን ካቆመች ቆየች ከሆነም እንደዚያው ብለሽ ተናገሪ። አንድ የተደበቀ ነገር ከወጣ የቀረው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

አሁን ወደ ክፍያው። በመንግሥት ጤና ተቋም አንዳንድ ሕክምና ለማንም ሰው ነጻ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስትሮክ አይገባበትም። ነጻ መሆኑም ቢሆን ብቻውን ችግር አይጨርስም። እዚህ ጎንደር የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል እንዳለ ታውቂ ይሆናል። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው፣ ትኩሳት አድክሟቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ ይመጣሉ። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን፣ በየቀኑ መርፌ ነው። ለመድኃኒቱ አይከፍሉም። ልጁ ግን ከወገራ ወይም ከበለሳ ወጥቶ የሄደ ነው። አስታማሚ የለውም። ስልኩን ሸጦታል። ቤተሰቦቹ በሕይወት መኖሩን አያውቁም። የለፋበትን ደመወዝም ባለ እርሻው ገና አልከፈለው ይሆናል። ሲሻለው የሚሳፈርበት ብር የለውም። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሲያሰናብት የእኛ ገና ይጀምራል። ከጉዳይሽ ወጣሁ፤ ግን «ሥራው ምንድን ነው?» ብለሽ የለ? ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ነጻ ላልሆነው ሕክምና ብዙ ሰው የሚያውቀው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በየወረዳው ተዳርሷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ይለይና መንግሥት ይከፍልለታል። ችግሩ ይህ መድን የታሰበው ለአርሶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ሰው መሆኑ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ሌላ ነበር። አዋጁ፣ ቁጥር 690፣ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለዓመታት ሲጓተት ኖረ። ስለዚህ እንደ አባትሽ ያለ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ መሃል ላይ ቀረ። መድኑ ዘንድ ሲሄድ ደመወዝተኛ ነው፣ ፋርማሲው ዘንድ ሲሄድ ድሃ። በዚህ ሥራ ከሚያበሳጩኝ ነገሮች አንደኛው ይህ ነው። «ለምን መድን አልገባችሁም?» ብሎ የሚወቅስሽ ሰው ካለ ይህን ንገሪው።

የሚቀረው ከቀበሌ የሚመጣው የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ነው። ቀበሌው መጀመሪያ የሚልሽ «አባትሽ ደመወዝ አላቸው አይደል?» ነው። የሶሻል ወርከሯ ጽሑፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ፣ በመጪዎቹ ወራት እንዴት እንደሚቀንስ፣ ስንት ነፍስ እንደሚተዳደርበት፣ ለመድኃኒት በሳምንት ስንት እንደሚወጣ፣ ምን ያህል ዕዳ እንደገባችሁ ትጽፋለች። «ችግረኛ ናቸው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ቁጥሩን ማስቀመጥ ቀበሌ ላይ የተሻለ ሚዛን ይደፋል። ውሳኔው ግን የእነሱ ነው፣ የእኛ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ «ሶሻል ወርከሯ ከለከለችን» ብሎ ይቀየመናል። እኛ ያየነውን እንጽፋለን፤ ማኅተሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ደብዳቤው እንቢ ከተባለ እዚያው አያበቃም። ሒሳቡን ከፋፍሎ መክፈል ወይም ከፊሉን መተው የሆስፒታሉ አስተዳደር የሚወስነው ነገር ነው። ጥያቄውን ከነማስረጃው ይዛ የምትገባው ሶሻል ወርከሯ ነች። ሁልጊዜ ይሳካል አልልሽም። በጀት አለ የሚባልበትም የለም የሚባልበትም ጊዜ አለ። ደብዳቤው ቢገኝም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ሆስፒታሉ ውስጥ ላለው ነገር ነው፤ ከውጭ ፋርማሲ ለሚገዛው አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሙን «በሆስፒታሉ ፋርማሲ ያለ፣ ይህን የሚተካ መድኃኒት አለ ወይ?» ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ። አንዳንዴ አለ። ሰው ግን ሐኪም መጠየቅ ድፍረት እየመሰለው ዝም ብሎ ፒያሳ ወርዶ በውድ ይገዛል።

አጎትሽ ክፉ አስበው አይደለም። የወንድም አንጀት ነው። ግን ደብተሩ ላይ ፎቶ አለ፤ ከተያዘ ለእሳቸውም ለመላው ቤተሰባቸውም ጦስ ነው። በሕክምናውም በኩል አደጋ አለው። አባትሽ በአጎትሽ ካርድ ቢታከሙ፣ ነገ አጎትሽ ራሳቸው ታመው ሲመጡ ካርዳቸው «ስትሮክ ነበረበት» ይላል፤ ሐኪሙም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ያክማቸዋል። ለእናንተ ደግሞ ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። የሕመም ፈቃዱም፣ መሥራት ይችሉ እንደሆነ የሚያረጋግጠው የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔም፣ ጡረታውም የሚሠራው አባትሽ በገዛ ስማቸው በታከሙበት ካርድ ነው። በወንድማቸው ስም ከታከሙ፣ በወረቀት ላይ አባትሽ አልታመሙም። ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ሲባል የዕድሜ ልክ ጡረታቸው ሊቀር ይችላል። አጎትሽ መርዳት ከፈለጉ ሌሊት በተራ ማስታመም ከሁሉም የበለጠ እርዳታ ነው። አንቺም ትንሽ ትተኛለሽ።

አሁን ድርጅቱ። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ፤ ሥራው ግን ይጠበቅለታል። ደመወዛቸው 4,000 ብር ነው እንበል። አሁን ያለንበት ወር 4,000 ሙሉውን ይከፈላል። ከዚያ ሁለት ጊዜ 2,000። በአጠቃላይ 8,000 ብር ማለት ነው። «መልቀቂያ ፈርሚ» ያለሽ ሰው እያስቀረብሽ ያለው መጀመሪያ ይህን ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዎች «ሲክ ሊቭ» የሚሉት ወረቀት ነው። ከሚያክማቸው ሐኪም ጠይቂ፤ ማኅተም ያለው፣ አባትሽ የተኙበት ቀን የተጻፈበት ይሁን። ሁለት ቅጂ አስነሺ። አንዱን ለድርጅቱ ስትሰጪ ሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው በቀን እንዲፈርሙልሽ አድርጊ። አልፈርምም ካሉ ምስክር ይዘሽ አስረክቢ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው። ሕጉ ሠራተኛው በታመመ ማግስት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ አሠሪው ካወቀ ወይም ማሳወቅ ካልተቻለ ግን ይህ አይነሳም። እየደወሉልሽ ስለሆነ እንደሚያውቁ ግልጽ ነው። የደወሉበትን ቀን ጻፊው።

ደግሞም አንቺ መልቀቂያ የመፈረም ሥልጣን የለሽም። ሠራተኛው አባትሽ ናቸው። ውክልና ሳይሰጡሽ በስማቸው የምትፈርሚው ነገር ለድርጅቱም አይበጀው፣ ለአንቺም ጣጣ ነው። ይህን በጨዋ ቋንቋ ንገሪያቸው፤ «አባቴ ሲሻለው ራሱ ያነጋግራችኋል» በቂ ነው። ግፊቱ ከቀጠለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት አለ። ሶሻል ወርከሯ ወደዚያ ደብዳቤ ትጽፍልሻለች።

መልቀቂያው ጡረታውንም ይነካል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ 715 ነው፤ በኋላ በ2014 ዓ.ም. በ1268 ተተካ። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በ4,000 ብር ላይ 280ው የአባትሽ፣ 440ው የድርጅቱ ነው ማለት ነው። አባትሽ ከ2005 ጀምሮ የሠሩት መዋጮው ከገባላቸው 10 ዓመት አልፏል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በሕመም ምክንያት መሥራት እንደማይችል በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ 60 ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅም፤ የጤና ጉድለት አበል ያገኛል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን በዚህ መስመር አይታይም፤ 60 እስኪሞላው ሊጠብቅ ይችላል። አባትሽ 56 ናቸው። አንድ ፊርማ ከአራት ዓመት አበል ጋር ሊያጣላቸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቢ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ፈልጊ። የጡረታ ቁጥራቸውንም። «ጡረታ» የሚል ተቀናሽ አለበት ወይ? ካለ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ቀርቦ ገንዘቡ በትክክል ገብቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ከሠራተኛው ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ አለ። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ሲታወቅ ይሻላል፤ መረጃው ከነሰዎቹ ሳይጠፋ።

ግን ወደ ቦርድ ለመሮጥ አትቸኩሉ። ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት ሰውነት ብዙ የሚመለስባቸው ናቸው። አባትሽ አሁኑኑ መናገር ጀምረዋል። ስድስት ወሩን ለፊዚዮቴራፒ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወደ ቀለል ያለ ሥራ መመለስ ይችሉ እንደሆነ ይታያል። ጡረታ መውጣትን እንደ ድል የሚያይ ቤተሰብ አጋጥሞኛል። በ56 ዓመት ቤት መዋል ለብዙ ወንድ ሁለተኛ በሽታ ነው።

ስለ መውጣታቸው ቀን ደግሞ ከአሁኑ አስቡ። ሆስፒታል አልጋ ይፈልጋል፤ «ነገ ይወጣሉ» ሲሉሽ በድንገት ነው። ሶሻል ወርከሯ ቤተሰቡን፣ ነርሷንና ፊዚዮቴራፒስቱን አንድ ላይ እንድታስቀምጥ ጠይቂያት። ከዚያ ስለ ቤታችሁ አውሩ። ጎንደር ዳገትና ደረጃ ነች። ባጃጅ ደጃችሁ ድረስ ይገባል ወይስ ሰው ተሸክሞ መግባት አለበት? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ቁጢጥ ማለት ለጊዜው አይችሉም። አናጺ የወንበር መቀመጫ መሃሉን ቆርጦ ከሥሩ ባልዲ ቢያስገባበት ትልቅ ነገር ነው፤ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የግራ ጎናቸው ካልታዘዘ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለባችሁ፤ አለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል። ሲበሉና ሲጠጡ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይሁን፣ ተኝተው አታጉርሷቸው። እንዴት እንደሚነሱ ነርሶቹ ሲያሳዩ አጎትሽም፣ ወንድምሽ ካለም እሱም ይይ። አንቺ ብቻ ከተማርሽው አንቺ ብቻ ትሠሪዋለሽ። ትምህርት ወይም ሥራ ትተሽ እንደሆነም ለሶሻል ወርከሯ ንገሪያት። በዚህ አገር ታማሚ ሲወጣ ሁሌ ሴት ልጅ ናት ከትምህርት የምትቀረው፤ እኔ ይህን እንደ ተራ ነገር አላልፈውም።

የደም ግፊት መድኃኒቱን ለማስቀጠል በየወሩ ሪፈራል ሆስፒታል መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል። ሐኪሙ የክትትል ወረቀት ከጻፈ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይቀበላችኋል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ድረስ መጥታ ግፊት ትለካለች፤ ስሟን ከጤና ጣቢያው ጠይቂ።

ጸበል የሚል ሐሳብ ቤታችሁ ተነስቶ ከሆነ፣ ተነስቶም ይሆናል፣ ከሐኪሙ አትደብቁት። እኔ ጸበል አትሂዱ አልልም። መድኃኒቱን አቋርጠው የሄዱ ግን በሁለተኛ ስትሮክ ሲመለሱ አይቻለሁ። ጸበሉንም እየጠጡ ክኒኑንም ይዋጡ። አብዛኛው ካህን ሲጠየቅ ይህንኑ ነው የሚለው።

ከሆስፒታል ውጭ ስላለው ድጋፍ ብዙ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች፤ ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋው በኋላ ነው። ሠርተው ለሚከፈላቸው አንድ ክፍል፣ መሥራት ለማይችሉ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ሌላ ክፍል አለው። ምልመላው በየሰፈሩ፣ በዙር ነው። እናንተ ቤት መሥራት የሚችል ሰው ስላለ ቀድማችሁ ትመረጣላችሁ አልልም። ቀበሌ በሄድሽበት አጋጣሚ ጠይቂ፣ ስማችሁን አስመዝግቢ፤ ጊዜሽን ግን እዚያ አትጨርሺ። ዕድራችሁ ደግሞ ለሞት ብቻ የሚከፍል ከሆነ ዳኛውን «ለታመመ ብድር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያበድሩ አሉ።

ሶሻል ወርከር የሚባል የለም ካሉሽ ሌዠን ቢሮ (የታማሚዎችን ቅበላና ዝውውር የሚያስተባብረው ክፍል) ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ሥራው ከዚያ ጋር ተደርቦ ነው። ወይም የዋርዱን ዋና ነርስ አናግሪ። ስትሄጂ የአባትሽን መታወቂያ፣ የካርድ ቁጥራቸውን፣ እስካሁን የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞች በሙሉ፣ የደመወዝ ወረቀቱንና ካለ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ያዢ። ደረሰኝ የጣልሽ እንደሆነ ከአሁን ጀምሮ በአንድ ፌስታል ሰብስቢ። ጠዋት ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርደን ልታጪን ትችያለሽ። የምታናግርሽ ሰው ቆጣ ካለችብሽም አትመለሺ። እኛም ሰው ነን፤ አንዷ ሶሻል ወርከር ስንት ዋርድ እንደምትሸፍን ብታይ ታዝኚላት ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። በጻፍሽው ውስጥ እናትሽ ምን እንዳሉ አለ፣ አጎትሽ አለ፣ ድርጅቱም አለ። አባትሽ ምን እንዳሉ ግን የለም። ምላሳቸው ቢተሳሰርም ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። ቀኝ እጃቸውም ደህና ስለሆነ መፈረም ይችላሉ። ሶሻል ወርከሯ አልጋቸው አጠገብ መጥታ መጀመሪያ የምታነጋግረው እሳቸውን ነው። ስለ ቤታቸው ለማን ይነገር፣ ምን ይጠየቅ፣ ማን ውክልና ይያዝ የሚሉትን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እናትሽን የማሳመኑንም ነገር ለእሳቸው ተዪው፤ ከአንቺ ይልቅ ያውቁበታል።